ከኮራል አኳሪየም በላይ መብራት እንዴት ይሰቀላል?

ቤታቸው ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም አቁመው ኮራል ማሳደግ የጀመሩ ሰዎችን ደጋግሞ የሚገጥማቸው ጥያቄ አለ፤ መብራቱን ከምን ላይ ልስቀለው? አብዛኛው የአኳሪየም ኮራል ያለ በቂ ብርሃን አይኖርም። በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች በብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ኮራሎቹም ጉልበታቸውን በብዛት የሚያገኙት ከእነዚህ አልጌዎች ነው። ለዚህ የሚበቃ መብራት ብርቱ ነው፤ ማቀዝቀዣ ብረቱና ማራገቢያው ሲደመሩበት ደግሞ ይከብዳል። ከባድ ዕቃ፣ ኤሌክትሪክና የጨው ውሃ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ጥንቃቄ የግድ ይሆናል። መብራቱ ቢወድቅ መስተዋት ሊሰብር፣ ውሃውን ከኤሌክትሪክ ጋር ሊያገናኝ፣ በዚያች ሰዓት እጁን ውሃ ውስጥ ያስገባን ሰው ሊገድል ይችላል።

ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ኮርኒስ የቤት ልብስ ነው፤ ክብደት የሚሸከመው ከልብሱ ሥር ያለው አጥንት ነው። መብራትዎ ከአጥንቱ ጋር ካልተያያዘ ገመዱ ምንም ያህል ቢጠነክር ዋጋ የለውም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በአንድ ምሳሌ እንሂድ። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 50 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ወደ 300 ሊትር ውሃ የሚይዝ ገንዳ አለዎት እንበል። በላዩ ሁለት የኤልኢዲ መብራቶች በአንድ የአሉሚኒየም ዘንግ ላይ ታስረው በአራት ነጥብ ይሰቀላሉ። የእርስዎ ገንዳ ከዚህ ቢያንስም ቢበልጥም ስሌቱ ያው ነው።

አስቀድመው የሚያዘጋጇቸው ዕቃዎች፦

- ድሪል፤ ለአርማታ ከሆነ በምት የሚቦረቡር፣ ከሚስማማ ጫፍ ጋር
- ሜትር፣ እርሳስ፣ ውሃ ልክ እና ቱምቢ
- የሚታመን መሰላልና አንድ ረዳት ሰው
- የዓይን መነጽር እና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ
- ገንዳውን የሚሸፍን ሰፊ ፕላስቲክና ጣውላ
- የሻንጣ ሚዛን ወይም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን
- ቀለበት ያላቸው ብሎኖች፣ የብረት ካቦ እና የሚዘጉ ማያያዣዎች

1. ክብደቱን ይደምሩ፤ ከዚያም በ5 ያባዙ

በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የመብራቱ ክብደት ብቻውን አይበቃም። ዘንጉን፣ ማያያዣውን፣ ካቦውን፣ በዘንጉ ላይ የሚታሰረውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሁሉ አብረው ይመዝኑ። በምሳሌያችን ሁለቱ መብራቶች እያንዳንዳቸው 3 ኪሎ፣ ዘንጉ 2 ኪሎ፣ ቀሪው ሁሉ 1 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 9 ኪሎ ይሆናል።

ይህን በ5 ያባዙ፤ 45 ኪሎ ይመጣል። ማባዛቱ ያስፈለገው የተሰቀለ ዕቃ ዘወትር ጸጥ ብሎ ስለማይቆይ ነው። ሰው ይገፋዋል፣ ሲጸዳ ይጎተታል፣ ልጅ ይንጠለጠልበታል፣ ብረቱም ከዓመታት በኋላ በጨው ይዳከማል።

ብዙዎች የሚስቱት ቀጥሎ ያለውን ነው። አራት የመስቀያ ነጥብ ስላለ 45ን ለ4 ማካፈል ትክክል ይመስላል። ነገር ግን አራት ገመዶች ጠንካራ ዘንግ ሲይዙ ርዝመታቸው በጥቂት ሚሊሜትር እንኳ ቢለያይ ክብደቱን በአብዛኛው የሚሸከሙት ሁለቱ ናቸው፤ የቀሩት ላላ ብለው ይቆማሉ። ስለዚህ ለ2 ያካፍሉ። እያንዳንዱ ነጥብ ብቻውን 22.5 ኪሎ መያዝ አለበት ማለት ነው። ይህን ቁጥር ይመዝግቡት፤ በደረጃ 6 እንፈልገዋለን።

2. ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ይወቁ

ከሁሉም ደረጃዎች ይበልጥ ጊዜ የሚገባው ይህ ነው። ድሪል ከመያዝዎ በፊት ቤትዎ ከሚከተሉት የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

*የእንጨት ወለልና ጣሪያ ያለው ቤት።* በአሜሪካ ያሉ አብዛኞቹ ቤቶች ከዚህ ወገን ናቸው። የሚታየው ጂፕሰም ቦርድ ነው፤ ከበላዩ የእንጨት ተሸካሚዎች በተርታ ይሄዳሉ። በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ 16 ኢንች፣ ማለትም ወደ 40 ሴንቲሜትር፣ ወይም 24 ኢንች፣ ማለትም ወደ 61 ሴንቲሜትር ነው። ቦታቸውን በእንጨት መፈለጊያ መሣሪያ ወይም የቦርዱን ብሎኖች በሚስብ ማግኔት ያግኙ። ከዚያ በቀጭን ምስማር ወጋ አድርገው ጠንካራ እንጨት መኖሩን ያረጋግጡ፤ የእንጨቱን ሁለቱንም ጠርዝ አግኝተው መሀሉን ይምረጡ። በጂፕሰም ቦርድ ብቻ ላይ የሚታሰሩ ማያያዣዎችን፣ ማሸጊያቸው ላይ የቱንም ያህል ኪሎ ቢጻፍ፣ ከውሃ በላይ ለሚንጠለጠል መብራት አይመኑ።

*ድፍን የአርማታ ሶሌታ።* ጥሩ ተሸካሚ ነው። ማያያዣው ግን የብረት ፊሸር፣ ማለትም ብሎኑ ሲጠብቅ ወይም ሲመታ ተስፋፍቶ ቀዳዳውን የሚነክስ ዓይነት ይሁን። የፕላስቲክ ፊሸር ግድግዳ ላይ ሥዕል ለመስቀል የታሰበ ነው፤ ያለማቋረጥ በቀጥታ ወደ ታች ሲጎተት ቀስ በቀስ ሊላቀቅ ይችላል። ለ6 ሚሊሜትር ብሎን የሚሆን የብረት ፊሸር እንደ ዓይነቱ የ8 ወይም የ10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ትክክለኛውን ስፋትና ጥልቀት ከማሸጊያው ያንብቡ።

በዱባይ፣ በዶሃና በአሜሪካ ከተሞች በሚገኙ ብዙ ረጃጅም ሕንፃዎች ሶሌታው ውስጥ በኃይል የተወጠሩ የብረት ገመዶች አሉ። አንዱን በድሪል መቁረጥ ሕንፃውንም ሰውንም ይጎዳል። የሕንፃው አስተዳደር በጽሑፍ ካልፈቀደ እንዲህ ባለ ሶሌታ ላይ ፈጽሞ አይቦርቡሩ።

*የጎድንና የብሎኬት ሶሌታ።* በብዙ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ሶሌታው የተሠራው ከአርማታ ጎድኖችና በመካከላቸው ከተደረደረ ባዶ ብሎኬት ነው። በልስን ስለተሸፈነ ከታች ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ ያንኳኩ፤ ብሎኬቱ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ጎድኑ ደረቅና ድፍን ድምፅ አለው። ሲቦረቡሩ ጫፉ ድንገት ባዶ ውስጥ ጥልቅ ካለ ብሎኬት ነክተዋል ማለት ነው፤ ያንን ቀዳዳ ደፍነው ወደ ጎድኑ ይዛወሩ። የብሎኬት ስስ ግድግዳ ላይ የተመታ ፊሸር ለዛሬ ቢይዝም ለዓመታት አያስተማምንም።

*በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ የቺፕውድ ኮርኒስ።* ኮርኒሱ የተመታበት ቀጭን እንጨት የተሠራው ቺፕውዱን ብቻ እንዲይዝ ነው። ሰው ወደ ጣሪያው ውስጥ ገብቶ 5 በ 7 ሴንቲሜትር የሆነ ሞራሌ በሁለት የጣሪያ ተሸካሚዎች ላይ አጋድሞ በብሎን ይሰር፤ መብራቱም ከዚያ ሞራሌ ላይ ይሰቀል። ወደ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ ያጥፉ፤ ጣሪያ ውስጥ የተላጠ ሽቦ መኖሩ የተለመደ ነው። ምስጥ የበላው ወይም ዝናብ ያበሰበሰው እንጨት ካጋጠመዎት ሥራውን አቁመው መጀመሪያ እንጨቱን ያስለውጡ።

*ተከራይ ከሆኑ፣ ወይም ስለ ኮርኒሱ እርግጠኛ ካልሆኑ።* መቦርቦር የግድ አይደለም። ከገንዳው ማስቀመጫ ጀርባ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣና በገንዳው ላይ የሚታጠፍ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ፍሬም ማሠራት ይቻላል። ሁለቱን ቋሚዎች ከማስቀመጫው ጀርባ ጋር ቢያንስ በሁለት ከፍታ፣ ከላይም ከታችም፣ በብሎን ይያዟቸው፤ በአንድ ቦታ ብቻ ከተያዙ በመብራቱ ክብደት ወደ ፊት ያጋድላሉ። በመስተዋቱ ጠርዝ ላይ የሚነክሱ ክንዶችም አሉ። እነዚህን የሚገዙት የመስተዋትዎን ውፍረትና የመብራቱን ክብደት አምራቹ ከፈቀደው ጋር ካስተያዩ በኋላ ብቻ ይሁን። በምንም መንገድ ሁለት መብራት የተሸከመ ረጅም ዘንግ በአንድ መስተዋት ላይ አያሳርፉ።

3. ከፍታውንና ቦታውን በወረቀት ላይ ይጨርሱ

ለአብዛኛው የኤልኢዲ መብራት ከውሃው ወለል 20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ጥሩ መነሻ ነው፤ የአምራቹ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ይከተሉ። መብራት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ብርሃኑ ይሰፋል፣ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። ወደ ታች በወረደ ቁጥር መሀሉ ይበረታል፣ ዳርና ዳሩ ይጨልማል፣ የውሃ ፍንጣቂም በቀላሉ ይደርስበታል።

የምሳሌያችንን ልኬት እንሥራ። ማስቀመጫው 80፣ ገንዳው 50፣ በድምሩ 130 ሴንቲሜትር ነው። ውሃው ከጠርዙ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ቢል የውሃው ወለል ከመሬት 127 ላይ ይውላል። መብራቱ በ25 ሴንቲሜትር ከፍ ሲል ግርጌው 152 ላይ ነው። ኮርኒሱ 260 ከሆነ እስከ መብራቱ ግርጌ 108 ሴንቲሜትር ይቀራል። ካቦውን ሲቆርጡ ለማስተካከያና ለመቆንጠጫ ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ትርፍ ይተዉ፤ ያጠረ ካቦ አይቀጠልም።

አንድ መካከለኛ የኤልኢዲ መብራት በአማካይ 60 በ 60 ሴንቲሜትር ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ 120 ሴንቲሜትር ለሚረዝመው ገንዳችን የመጀመሪያው መብራት መሀል ከጠርዙ 30፣ የሁለተኛው መሀል 90 ሴንቲሜትር ላይ ይሆናል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲለኩ መሀል ላይ ያድርጉት፤ ወደ ፊት መስተዋት ከቀረበ መስተዋቱ ላይ አልጌ ይበዛል፣ ሳሎን የተቀመጠ ሰው ዓይንም ይወጋል።

የኮርኒሱን ምልክት በዓይን ግምት አያድርጉ። ቱምቢውን ከላይ አንጠልጥለው ጫፉ ከገንዳው መሀል ጋር ሲገጥም ምልክት ያድርጉ። የቤቱ ተሸካሚ እንጨት በትክክል ከገንዳው በላይ ካልዋለ፣ ሁለት ተሸካሚዎችን የሚያገናኝ ሞራሌ ወይም የብረት ዘንግ ኮርኒሱ ላይ በብሎን አስረው መብራቱን ከዚያ በቀጥታ ያውርዱ። ገመዱን በሰያፍ ጎትቶ ማድረስ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ገመድ ባጋደለ ቁጥር የሚሸከመው ኃይል ይጨምራል። ሁለት ገመዶች ከቁም መስመር 60 ዲግሪ ቢያጋድሉ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ቀጥ ብለው ሲንጠለጠሉ ከነበረው እጥፍ ነው።

4. ጨው የማይበላውን ብረት ይምረጡ

ከገንዳው የሚነሣው እርጥበት ጨው ይዞ ይወጣል። መብራቱ ላይ፣ ካቦው ላይ፣ ብሎኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል። ተራ ብረት በዚህ አየር ውስጥ ቶሎ ይዝጋል፤ ዝገቱ ውሃ ውስጥ ከመርገፉም በላይ ማያያዣውን ከውስጥ ይበላዋል።

ስቴንለስ ሲገዙ 316 የሚል ምልክት ያለውን ይጠይቁ። በውስጡ ያለው ሞሊብዴነም ጨውን ይበልጥ እንዲቋቋም ያደርገዋል። 304 የሚባለው ከተራ ብረት ይሻላል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። መዳብና ነሐስ ከገንዳው በላይ ፈጽሞ አይግቡ። መዳብ በጥቂቱም ቢሆን ውሃ ውስጥ ሲገባ ኮራልን፣ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይገድላል። በዚንክ የተለበጠ ሰንሰለትም ልባጩ ሲላጥ ወደ ውሃው ስለሚረግፍ አይመከርም።

1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ የስቴንለስ ካቦ ከ100 ኪሎ በላይ ካልተጫነው አይበጠስም፤ ለእኛ ሥራ ይበቃል። አደጋው ብዙ ጊዜ ያለው በጫፎቹ ላይ ነው። የካቦ ጫፍ በእጅ ተቋጥሮ አይታመንም። በልኩ በተሠራ መቆንጠጫ በትክክለኛው ፒንሳ ይጨመቅ፣ ወይም ከመብራቱ ጋር የመጣውን ማስተካከያ ይጠቀሙ። አፉ ክፍት የሆነ መንጠቆ አያድርጉ፤ የሚዘጋ፣ ቢቻልም በዳዶ የሚቆለፍ ማያያዣ ይምረጡ። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ የተሰቀለ መብራት ሁሉ ሲወዛወዝ ያየ ሰው ይህን ምክር አይዘነጋም። ክፍት መንጠቆ በውዝዋዜ ይወልቃል።

አሉሚኒየም ዘንግና ስቴንለስ ብሎን በሚነካኩበት ቦታ የናይለን ሮንደላ ያስገቡ። ሁለቱ ብረቶች በጨው እርጥበት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል።

5. ገንዳውን ሸፍነው ይቦርቡሩ

ከተቻለ ይህን ሥራ ገንዳው ከመቆሙ በፊት ይጨርሱት። ገንዳው ቀድሞ ቆሞ ከሆነ ጣውላ ያጋድሙበትና በላዩ ሰፊ ፕላስቲክ እስከ መሬት ይዘርጉ። የሲሚንቶ ብናኝ የውሃውን አልካላይነት ከፍ ያደርጋል፤ የብረት ፍቅፋቂ ደግሞ ዝጎ ውሃውን ይበክላል። ሽፋኑ አየር ስለሚያግድ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የውሃ ማዘዋወሪያው ፓምፕም ከሥር እየሠራ ይቆይ።

በሚቦረቡሩበት ኮርኒስ ውስጥ የሚያልፈውን መስመር ከብሬከሩ ያጥፉ፤ ድሪሉን ከሌላ መስመር ወይም በባትሪ ያሠሩ። አንድ እግርዎ መሰላሉ ላይ ሌላው የገንዳው ጠርዝ ላይ ሆኖ አይሥሩ፤ መስተዋት የሰው ክብደት እንዲይዝ አልተሠራም። መሰላሉ በገንዳው ፊት ሲቆም እጅዎ የማይደርስ ከሆነ ገንዳውን ማንቀሳቀስ ወይም ሌላ መሰላል መፈለግ ይሻላል።

በአርማታ ላይ ሲሆን ጥልቀቱን በድሪሉ ጫፍ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። ከጨረሱ በኋላ ብናኙን ከቀዳዳው በደንብ ያራግፉ። ብናኝ ያለበት ቀዳዳ ውስጥ የገባ ፊሸር ግድግዳውን ሳይሆን ብናኙን ይነክሳል፤ ብዙ ፊሸሮች የሚወልቁትም በዚህ ምክንያት ነው። ጫፉ የማይገፋ ጠንካራ ነገር ከነካ ፌሮ ሊሆን ስለሚችል አይታገሉት፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ፈቀቅ ይበሉ።

በእንጨት ላይ ሲሆን መጀመሪያ ቀጭን ቀዳዳ ይክፈቱ፤ ለ6 ሚሊሜትር ብሎን 4 ሚሊሜትር ያህል ይበቃል። ያለዚያ እንጨቱ ይሰነጠቃል። የብሎኑ ጥርስ ቢያንስ 4 ሴንቲሜትር ያህል ጠንካራው እንጨት ውስጥ መግባት አለበት፤ የጂፕሰም ቦርዱ ውፍረት አይቆጠርም።

6. መብራቱን ከመስቀልዎ በፊት ነጥቦቹን ይፈትኑ

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የመብራቱን ዋጋና የቤተሰቡን ደህንነት በአንድ ብሎን ላይ ከመጣልዎ በፊት ብሎኑ ይፈተን።

ከሥሩ ገንዳ ከሌለ 20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን በጠንካራ ገመድ አንድ ነጥብ ላይ ይስቀሉ። ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው፤ ጀሪካኑ ሲጨመርበት 21 ኪሎ ያህል ይሆናል። በደረጃ 1 ያገኘነውን 22.5 ለመሙላት ጥቂት ክብደት ይጨምሩበትና ለ24 ሰዓት ይተዉት። ጀሪካኑ ከመሬት ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ከፍ አይበል፤ ቢወድቅ ማንንም አይጎዳም። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ነጥብ ይሂዱ።

ገንዳው ከሥር ካለ ጀሪካን መስቀል አደገኛ ነው። የሻንጣ ሚዛን ከቀለበቱ ጋር አያይዘው 23 ኪሎ እስኪያሳይ ቀስ ብለው ወደ ታች ይጎትቱና ለአንድ ደቂቃ ያህል ይያዙት። ብሎኑ ከተንቀሳቀሰ፣ ልስኑ ከተሰነጠቀ፣ ወይም የመንጨት ድምፅ ከሰሙ ያ ነጥብ ወድቋል፤ እንደገና ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም። ሌላ ቦታ ይቦርቡሩ።

7. ይስቀሉ፣ ያስተካክሉ፣ ሁለተኛ ገመድ ይጨምሩ

ዘንጉን መጀመሪያ ባዶውን ይስቀሉ። በውሃ ልክ በሁለቱም አቅጣጫ ካስተካከሉት በኋላ አንድ ሰው እየያዘ ሌላው መብራቶቹን ይሰር። ያጋደለ መብራት ብርሃኑን ወደ አንድ ወገን ከመጣሉም ሌላ ክብደቱን በአንድ በኩል ባሉ ገመዶች ላይ ይጭናል።

ካቦውን የሚያሳጥርና የሚያስረዝም ባለ ቁልፍ ማስተካከያ ካለው፣ ቁልፉን ከመጫንዎ በፊት መብራቱን በእጅዎ ወይም በረዳትዎ እጅ ከፍ አድርገው ይያዙ። ክብደቱ ገመዱ ላይ እያለ ቁልፉን መጫን መብራቱን ወደ ውሃው መልቀቅ ነው። ከፍታው ከጸደቀ በኋላ ትርፉን ካቦ ወዲያው አይቁረጡ፤ አንድ ወር ይቆዩ፣ ምክንያቱም ከፍታውን መቀየር ሊያስፈልግዎ ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ሥራ ይሥሩ። ከመስቀያዎቹ በተለየ አንድ ነጥብ ላይ፣ ለብቻው የተበጀ ሁለተኛ ካቦ ከዘንጉ መሀል ጋር ያያይዙ። ይህ ካቦ በአዘቦት ቀን ላላ ብሎ ይንጠለጠላል። ሌላው ሁሉ ቢበጠስ ግን መብራቱን ከውሃው በላይ እንዲያቆመው ርዝመቱ በጥንቃቄ ይለካ፤ መላላቱ ከ5 ሴንቲሜትር አይብለጥ። በዘንጉ ላይ የታሰረው እያንዳንዱ መብራትም ከዘንጉ ጋር በራሱ አጭር ካቦ ይታሰር፤ ዘንጉ ሳይወድቅ መብራቱ ብቻ ሊወልቅ ይችላልና።

ከመብራቱ በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ይተዉ። የኤልኢዲ መብራት ሙቀቱን የሚያስወጣው በጀርባው ነው፤ ጀርባው ከታፈነ ዕድሜው ያጥራል። ሜታል ሃላይድ የሚባለውን የቀድሞ መብራት የሚጠቀሙ ከሆነ የመከላከያ መስተዋቱን አያውልቁ። መስተዋቱ ጎጂውን ጨረር ያግዳል፣ ውሃ ተፈንጥቆ የጋለ አምፖል እንዳያፈነዳም ይከላከላል።

8. ኤሌክትሪኩን ከውሃ መንገድ ያርቁ

ሽቦው ከመብራቱ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሶኬት አይሂድ። ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተቆልምሞ እንደገና ወደ ላይ ይውጣ። በሽቦው ላይ የሚንሸራተት ጠብታ ውሃ በዚያ ዝቅታ ላይ ወደ መሬት ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም። ይህን አንድ ቆልማማ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እሳት ግን ያስቀራል።

አዳፕተሩንና ኤክስቴንሽኑን ከገንዳው በላይም ከገንዳው ሥር ባለው ቁም ሳጥን ወለል ላይም አያስቀምጡ። በገንዳው ጎን፣ ግድግዳ ላይ በተመታ ጣውላ ላይ ከፍ ብለው ይሰቀሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦው ክብደት አይሸከምም፤ በካቦው አጠገብ ላላ ብሎ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይያዝ።

ወደ መሬት የሚያፈስ ኤሌክትሪክ ሲኖር መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ የግድ ነው። በኢትዮጵያ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች አርሲዲ በሚል ስም 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጠውን ይፈልጉ፤ በአሜሪካ ጂኤፍሲአይ ይባላል፣ በ5 ሚሊአምፔር አካባቢ ይቆርጣል። በላዩ ያለውን የሙከራ ቁልፍ በየወሩ ይጫኑት። ተራ ብሬከር ሽቦውን ከመቃጠል ይከላከላል እንጂ ሰውን ከመነዘር አያድንም። የቤቱ መስመር ኧርዝ ያለው መሆኑንም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይፈትሽልዎ።

መብራቱንና የውሃ ማዘዋወሪያውን ፓምፕ በተለያየ መከላከያ ላይ ቢያደርጉ ይሻላል። በመብራቱ ምክንያት መስመሩ ቢቆረጥ ፓምፑ ይቀጥላል። ኮራል አንድ ቀን ያለ ብርሃን ቢውል አይሞትም፤ ብዙ ዓሣ ያለበት ውሃ ግን ያለ እንቅስቃሴ ለሰዓታት ከቆየ ኦክስጅኑ ያልቃል።

መብራቱ ከአሜሪካ ከዘመድ ጋር የመጣ ከሆነ ከመሰካትዎ በፊት አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። 100–240 የሚል ከሆነ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ይቃጠላል። ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ኃይል ደግሞ የኤልኢዲን ውስጥ ስለሚጎዳ ስታቢላይዘር ወይም የኃይል መከላከያ ያለው ኤክስቴንሽን ይጠቀሙ።

9. ብርሃኑን ቀስ በቀስ ያስለምዱ

አዲስ መብራት በሙሉ ኃይል የተለቀቀበት ኮራል ነጭ ሆኖ ይገረጣል፤ በሥጋው ውስጥ ያሉትን አልጌዎች ያስወጣል፤ ሊሞትም ይችላል። ካሰቡት የመጨረሻ ኃይል ከ30 እስከ 40 በመቶ ባለው ይጀምሩ። ከዚያ በየሳምንቱ ከ10 በመቶ ሳይበልጥ ይጨምሩ። በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ብርሃን ይበቃል።

መለኪያ ማግኘት ከቻሉ ሥራው ከግምት ይወጣል። የብርሃን መጠን የሚለካው ፓር በሚባል መስፈርት ነው፤ ውሃ ውስጥ እንዲለካ የተሠራው የአፖጂ ኤምኪው-510 በአሳዳጊዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ለለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150፣ ድንጋያማ ሆነው ትንንሽ አፍ ላላቸው እንደ አክሮፖራ ያሉ ኮራሎች ከ200 እስከ 350 ጥሩ መነሻ ነው። የስልክ መተግበሪያ የአኳሪየምን ሰማያዊ ብርሃን በትክክል ስለማይለካ አይመኑት። መለኪያ ከሌለዎት ኮራሉን ይመልከቱ፤ ቀለሙ ከገረጣ ብርሃኑን ይቀንሱ፤ ወደ ቡናማ ካደላና ወደ ላይ ከተንጠራራ ይጨምሩ።

10. በየወሩ ይፈትሹ

የተሰቀለ መብራት ተሰቅሎ የሚረሳ ዕቃ አይደለም። በየወሩ አንድ ቀን ይምረጡና ኤሌክትሪኩን አጥፍተው እነዚህን ይመልከቱ፦

- የጨው ክምችቱን በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ። ሳሙናና የመስተዋት ማጽጃ ከገንዳ በላይ አይጠቀሙ።
- ካቦውን በጣቶችዎ መሀል ያሳልፉ፤ ጓንት ያድርጉ። አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ከወጣ ካቦው ይለወጥ።
- በብሎኑ ዙሪያ አዲስ ስንጥቅ፣ ዝገት ወይም የውሃ እርጥበት ካለ ይመርምሩ። ላይኛው ፎቅ ላይ ያለ መታጠቢያ ቤት የሚያፈስ ከሆነ እንጨቱ ሳይታይ ይበሰብሳል።
- ከውሃው ወለል እስከ መብራቱ ያለውን ከፍታ በሜትር ይለኩ። ካለፈው ወር ከቀነሰ አንድ ነገር እየተንሸራተተ ነው።
- የማራገቢያውን ድምፅ ያዳምጡ፤ ያጉረመረመ ማራገቢያ ሊቆም ነው።

እጅዎን ውሃ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት መብራቱን ከሶኬቱ መንቀል የዘወትር ልማድዎ ይሁን፤ ልጆችዎንም ያስተምሯቸው።

ከእነዚህ ደረጃዎች መካከል በራስዎ እጅ ለመሥራት ያልተማመኑበት ካለ ባለሙያ ይጥሩ። አርማታ የሚቦረቡር ሰውና የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚጠይቁት ክፍያ ብዙ ጊዜ ከአንድ መብራት ዋጋ ያንሳል። የኮርኒሱን ውስጥ ማወቅ ካልቻሉ ደግሞ ከማስቀመጫው የሚነሣውን ፍሬም ያሠሩ፤ ብርሃኑ ያው ነው፣ ኮራሉም ልዩነቱን አያውቀውም። ባልተፈተነ ብሎን ላይ ግን ለአንድ ሌሊትም ቢሆን መብራት አይስቀሉ።